ጺማሙ እንሽላሊት በሰው ቤት፦ የበረሃን ፀሐይ በሣጥን ውስጥ መተካት

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ልጆች እንዲገዛላቸው የሚጠይቁት የቤት እንስሳ ውሻና ድመት ብቻ መሆኑ ከቀረ ዓመታት ተቆጥረዋል። በእንግሊዝኛ "ቢርድድ ድራገን" የሚባለው የአውስትራሊያ እንሽላሊት በእንስሳት መሸጫ መደብሮች እጅግ ተፈላጊ ከሆኑት ተሳቢ እንስሳት አንዱ ነው። የስሙ ቀጥተኛ ፍቺ "ጺማም ዘንዶ" ነው፤ ይሁን እንጂ እንስሳው ዘንዶም አውሬም አይደለም። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ኪሎ የማይበልጥ፣ ሰውን የሚለምድና እጅ ላይ በእርጋታ የሚቀመጥ እንሽላሊት ነው። "ጺማም" ያሰኘው ሲቆጣ ወይም ሲፈራ የሚነፋውና የሚያጠቁረው፣ እሾህ በሚመስል ቅርፊት የተሸፈነው የጉሮሮው ቆዳ ነው።

ይህ ገራምነቱ ብዙዎችን ያዘናጋል። ቤተሰቡ እንስሳውን ከአንድ ትንሽ የመስታወት ሣጥንና ከአንድ አምፖል ጋር ገዝቶ ይመጣል፤ የሚያስፈልገው ሁሉ የተሟላም ይመስለዋል። እንሽላሊቱ ይበላል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ልጆችን ያስደስታል። ከወራት በኋላ ግን መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ መራመድም ይሳነዋል። ለዚህ የሚዳርገው ብዙውን ጊዜ ጭካኔ ሳይሆን የማኖሪያው ጉድለት ነው። እንስሳው የሚኖረው በሣጥን ውስጥ ቢሆንም ሕይወቱን የሚያገኘው ከፀሐይ ነው። ስለሆነም በደኅና ማኖር ማለት የበረሃ ፀሐይ የምትሰጠውን ሙቀት፣ ብርሃንና ደረቅ አየር ቤት ውስጥ መተካት፣ ይህም ሲደረግ ቤቱን ለእሳት፣ ቤተሰቡንም ለበሽታ አለማጋለጥ ማለት ነው።

የትውልድ ስፍራው

የእንስሳው ሳይንሳዊ ስም ፖጎና ቪቲሴፕስ ነው። ጀርመናዊው የሥነ እንስሳት ተመራማሪ ኤርንስት አል ዝርያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንሳዊ ጽሑፍ የገለጸው እ.አ.አ. በ1926 ነበር። የተፈጥሮ መኖሪያው የአውስትራሊያ ምሥራቃዊና መካከለኛ ክፍል ደረቅና ከፊል ደረቅ ምድር ነው። በዚያ ስፍራ ማለዳ ከወደቀ ግንድ፣ ከቁጥቋጦ ወይም ከአጥር ምሰሶ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ቀትር ሲሆንና ምድር ስትግል ወደ ጥላ ወይም ወደ ጉድጓድ ይገባል። ክረምቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተደብቆ ለሳምንታት ያንቀላፋል።

እንደ ማንኛውም ተሳቢ እንስሳ የሰውነቱን ሙቀት ከውስጥ አመንጭቶ አይጠብቅም። የሚመቸው የሰውነት ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ይህን የሚያገኘው ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ በመመላለስ ነው። ምግብ ለመፍጨት፣ በሽታ ለመከላከልና ለመንቀሳቀስ የሚችለውም ይህን ሙቀት ሲያገኝ ብቻ ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ይህን ጠባይ ፈጽሞ የማያውቀው አይደለም። በኬንያና በታንዛንያ ቋጥኞች ላይ ራሳቸውን ወደ ላይና ወደ ታች እያርገበገቡ ፀሐይ የሚሞቁት ባለ ቀይ ራስ እንሽላሊቶች፣ በኢትዮጵያም በካብና በግንድ ላይ የሚታዩት ሰማያዊ ቀለም ያላቸው ዘመዶቻቸው፣ "አጋማ" ከሚባለው የጺማሙ እንሽላሊት ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው። ጠዋት ቋጥኙን ይዞ፣ ቀትር ላይ ስንጥቅ ውስጥ የሚገባውን እንሽላሊት ያስተዋለ ሰው ጺማሙ በሣጥን ውስጥ ምን እንደሚጎድለው ለመረዳት አይቸገርም።

አውስትራሊያ የዱር እንስሳቷ ከነሕይወታቸው ለንግድ ወደ ውጭ እንዳይወጡ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከልክላለች። በመሆኑም ዛሬ በዩናይትድ ስቴትስና በአውሮፓ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጡት ጺማም እንሽላሊቶች በሰው እጅ ተፈልፍለው ያደጉ ናቸው። ሆኖም በሰው እጅ መወለዳቸው የበረሃ ፍጥረት መሆናቸውን አልለወጠውም።

ሣጥኑ ምን ያህል ይስፋ?

ለአንድ ያደገ እንሽላሊት በስፋት የሚመከረው ዝቅተኛ መጠን 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ሴንቲ ሜትር ወርድና 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነው። ርዝመቱ የሚፈለገው ለመንሸራሸሪያ ብቻ አይደለም። ሣጥኑ ካጠረ አንዱ ጫፍ ሲሞቅ ሌላውም አብሮ ይሞቃል፤ እንስሳው ከሙቀት የሚሸሽበት ጥግ ያጣል። በተፈጥሮው ከፍ ባለ ስፍራ ላይ መቀመጥ ስለሚወድ ወፍራም ቅርንጫፍ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስፈልገዋል። ድንጋዩ ሲቆፈር ተንዶ እንስሳውን እንዳይጫነው በቀጥታ በሣጥኑ ወለል ላይ በጽኑ መቀመጥ አለበት። በቀዝቃዛው ጫፍም ሙሉ በሙሉ ተሸሽጎ የሚያርፍበት ዋሻ መሰል መደበቂያ ይቀመጥለታል።

ከእንጨት የተሠራ፣ ፊቱ ብቻ መስታወት የሆነ ሣጥን ሙቀትን በደንብ ይይዛል፤ የግድግዳው ላይኛና ታችኛ ክፍል ግን የአየር መተላለፊያ ሊኖረው ይገባል። በሁሉም በኩል መስታወት የሆነ ሣጥን በቅዝቃዜ አገር ሙቀት ቶሎ ያባክናል። በተጨማሪም እንስሳው የራሱን ምስል እያየ ባላንጣ የመጣበት ሊመስለው ይችላል፤ ጎንና ጎኑን በወረቀት መሸፈን ይህን ያስቀራል። በሩ ቁልፍ ወይም ማጥበቂያ ሊኖረው ይገባል። የሚያመልጠው እንሽላሊቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥ እጁን የሚሰደው ሕፃንም መታሰብ አለበትና።

ሣጥኑ የሚቀመጥበት ስፍራም በጥንቃቄ ይመረጣል። ወጥ ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛ አጠገብና የሕፃናት መኝታ ክፍል አይመከሩም። ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት መስኮት ሥር የተቀመጠ የመስታወት ሣጥን በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ምድጃ ሊግልና እንስሳውን ሊገድል ይችላል።

አንድ ሣጥን ለአንድ እንሽላሊት ብቻ መሆን አለበት። ሁለት ወንዶች ይጣላሉ፣ ወንድ ሴቷን ያለ ዕረፍት ያስጨንቃል፣ ታዳጊዎችም አንዱ የሌላውን ጣትና ጅራት ይነክሳሉ። ሁለት እንሽላሊቶች ተደራርበው ሲተኙ የሚያይ ባለቤት ፍቅር ይመስለዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጉልበተኛው የሌላውን ሙቀትና ብርሃን እየነጠቀ ነው።

ሙቀት፦ ሞቃት ጫፍና ቀዝቃዛ ጫፍ

በሣጥኑ ውስጥ አንድ ዓይነት ሙቀት እንዲሰፍን ማድረግ ስሕተት ነው። የሚፈለገው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ደረጃ በደረጃ የሚቀንስ ሙቀት ነው። እንስሳው የሚሞቅበት ስፍራ ገጽታ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ደግሞ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ሌሊት እስከ 20 ዲግሪ ቢወርድ ለጤነኛ እንሽላሊት ጉዳት የለውም፤ በረሃም ሌሊት ይበርዳልና።

ሙቀቱ ከላይ በሚወርድ ብርሃን ሰጪ አምፖል መምጣት አለበት፤ ፀሐይ የምታሞቀው ከላይ ስለሆነ የእንስሳውም ጠባይ የተቀረጸው በዚሁ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ሰው ሠራሽ ድንጋዮች መወገድ ያለባቸው ናቸው። ሆዱ ላይ የሚሰማው ሙቀት ሲበዛበት እንሽላሊቱ ሁልጊዜ ፈጥኖ አይሸሽም፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ከባድ ቃጠሎ ይደርስበታል። በዚሁ ምክንያት አምፖሉ እንስሳው ዘልሎ የማይደርስበት መሆን ወይም በሽቦ መከለያ መሸፈን አለበት።

ሙቀትን በእጅ ዳስሶ መገመት አያስተማምንም። በሁለቱም ጫፎች አንድ አንድ ዲጂታል ቴርሞሜትር ማስቀመጥ፣ የሚሞቅበትን ስፍራ ገጽታ ደግሞ በኢንፍራሬድ መለኪያ መፈተሽ ያስፈልጋል። አምፖሉ ቴርሞስታት ከሚባለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር መገናኘት አለበት፤ ክፍሉ ሲሞቅ ኃይሉን ይቀንሳል፣ ሲቀዘቅዝም ይጨምራል። ሌሊት ክፍሉ ከመጠን በላይ የሚበርድ ከሆነ ብርሃን የማይሰጥ የሴራሚክ ማሞቂያ ይበጃል። ቀይና ሰማያዊ የሌሊት አምፖሎች ግን አይመከሩም፤ እንስሳው ቀለም የሚያይ በመሆኑ እንቅልፉን ይረብሹታል።

ሙቀት በዚህ ፍጥረት ላይ ያለው ሥልጣን ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ እ.አ.አ. በ2015 ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት የወጣ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት ያሳያል። የዚህ እንሽላሊት ጾታ በዘር ውርስ የሚወሰን ቢሆንም፣ እንቁላሉ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከተቀመጠ በዘር ወንድ መሆን የነበረበት ጽንስ ሴት ሆኖ ሊፈለፈል ይችላል። ተመራማሪዎቹ እንዲህ ጾታቸው የተለወጠ ሴቶችን በዱር ውስጥም አግኝተዋል፤ እነዚህም እንቁላል የሚጥሉና የሚራቡ ነበሩ።

ፀሐይ በመስታወት ውስጥ ስታልፍ

ከስሕተቶች ሁሉ ብዙ እንሽላሊቶችን የሚጎዳው የብርሃን ጉዳይ ነው። ፀሐይ ከምትልካቸው ጨረሮች መካከል ዓይን የማያየው፣ ዩቪቢ የሚባለው የአልትራቫዮሌት ዓይነት ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰውነት ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ ያደርጋል። ቫይታሚን ዲ ከሌለ ከምግብ የተገኘው ካልሲየም ወደ ደም አይገባም። ሰውነት የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት እየሸረፈ ይወስዳል፤ አጥንቱም ይለሰልሳል፣ ይጣመማል፣ ይሰበራል።

ይህ ሂደት ለኢትዮጵያ እናቶች እንግዳ አይደለም። ሕፃናት በማለዳ ፀሐይ እንዲሞቁ የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት ሪኬትስ የተሰኘውን፣ የሕፃናትን እግር የሚያጣምም የአጥንት በሽታ ለመከላከል ነው። ፀሐይ በሞላበት አገር ሕፃኑ ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ ከዋለ በሽታው ሊይዘው እንደሚችል ሁሉ፣ እንሽላሊቱም ብሩህ በሆነ ክፍል ውስጥ እየኖረ ሊለሰልስ ይችላል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ የመስኮት መስታወት ብርሃንን ቢያሳልፍም ዩቪቢን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ያስቀራል። በመስኮት ሥር "ፀሐይ የሚሞቅ" እንሽላሊት ሙቀት እንጂ ቫይታሚን ዲ አያገኝም።

ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ ከማሞቂያው አምፖል ሌላ ለተሳቢ እንስሳት የተሠራ የዩቪቢ መብራት ያስፈልጋል። የሚመረጠው ከሣጥኑ ርዝመት ቢያንስ ግማሹን የሚሸፍን፣ ለበረሃ እንሽላሊቶች የተዘጋጀ ረጅም የፍሎረሰንት ቱቦ ሲሆን፣ በማሞቂያው በኩል ይተከላል፤ እንስሳው በሚሞቅበት ጊዜ ጨረሩንም እንዲያገኝ ነው። የሚሞቅበት ስፍራ የአልትራቫዮሌት መጠን በዓለም አቀፉ የዩቪ መለኪያ ከ3 እስከ 5 ያህል ቢሆን ይበቃል። ለንጽጽር፣ በአዲስ አበባ ሰማይ ቀትር ላይ መለኪያው ብዙ ጊዜ ከ10 ያልፋል። ስለሆነም ጨረሩን ማብዛትም ጉዳት አለው፤ ዓይንንና ቆዳን ያቃጥላል። መብራቱ ከእንስሳው የሚርቅበት ልክ በአምራቹ መመሪያ መሠረት መሆን አለበት። በመካከል ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ካለ ከጨረሩ ሲሶውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊያስቀር እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ሌላው አሳሳች ነገር የመብራቱ ዕድሜ ነው። ቱቦው ለዓይን እንደ ቀድሞው እያበራ የዩቪቢ ኃይሉ ግን አስቀድሞ ይደክማል። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ባለቤት እንደ መብራቱ ዓይነት በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ መለወጥ ይኖርበታል፤ የተገዛበትን ቀን በመብራቱ ጫፍ ላይ መጻፍ ይረዳል። መብራቶቹ በቀን ለ12 ሰዓት ያህል በርተው ሌሊት ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለባቸው፤ በሰዓት የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ ይህን ያለ ስሕተት ይፈጽማል።

በሞቃት አገር ለሚኖር ባለቤት ከሁሉ የሚበልጠው የዩቪቢ ምንጭ እውነተኛዋ ፀሐይ ናት። እንሽላሊቱን በሽቦ በተሠራ፣ ከፊሉ ጥላ በሆነ ማቆያ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ማውጣት ይቻላል። ማቆያው ከላይም የተከደነ፣ ከጭልፊት፣ ከቁራ፣ ከድመትና ከውሻ የሚጠብቅ መሆን አለበት፤ ሰውም ከአጠገቡ አይለይም።

እሳትና ኤሌክትሪክ

ከ60 እስከ 150 ዋት የሚወስድ፣ በቀን ለ12 ሰዓት የሚበራ አምፖል በእንጨትና በደረቅ ቅጠል አጠገብ ሲኖር የእሳት አደጋ ሩቅ አይደለም። የአምፖሉ መያዣ ከሴራሚክ የተሠራና የአምፖሉን ዋት መሸከም የሚችል መሆን አለበት፤ የፕላስቲክ መያዣ ይቀልጣል። በመቆንጠጫ ብቻ የተንጠለጠለ መብራት በድመት ወይም በልጅ እጅ ተነክቶ ሊወድቅ ስለሚችል በብሎን ወይም በሰንሰለት መታሰር ይኖርበታል። መጋረጃ፣ ወረቀትና ልብስ ከሣጥኑ ላይና ከአጠገቡ ይርቃሉ።

አምፖል፣ ማሞቂያና የዩቪቢ መብራት በአንድ ርካሽ ማከፋፈያ ላይ ተደራርበው መሰካት የለባቸውም። ሽቦው ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ቢንጠለጠል በላዩ የሚወርድ ውሃ ወደ ሶኬቱ አይገባም። ሣጥኑ ባለበት ክፍል የጢስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መኖሩ ለእንስሳው ብቻ ሳይሆን በቤቱ ለሚተኙት ሁሉ ዋስትና ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ጤነኛ የሆነ ያደገ እንሽላሊት ክፍሉ እጅግ እስካልበረደ ድረስ የጥቂት ሰዓታት ቅዝቃዜን ይቋቋማል። ሣጥኑን አየር ሳይዘጉ በብርድ ልብስ መክበብ፣ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎኑ ማኖር ይቻላል። ሙቀቱ እስኪመለስ ምግብ አይሰጠውም፤ ያልሞቀ እንሽላሊት የበላውን መፍጨት አይችልምና። ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ክፍሉ ማስገባት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንስሳውንም ሰውንም ይገድላል።

ወለል፣ ውሃና እርጥበት

በረሃ ሲባል አሸዋ ቢታሰብም፣ የጺማሙ እንሽላሊት አገር ወለል በአብዛኛው የጠነከረ አፈርና ጭቃ መሰል አሸዋ ነው። በመደብር የሚሸጠው ልቅ አሸዋ ከምግብ ጋር ሲዋጥ፣ በተለይ በታዳጊዎችና በቂ ሙቀት በማያገኙ እንስሳት ላይ፣ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። ለታዳጊና ለታመመ እንሽላሊት ወረቀት ወይም ሻካራ የሸክላ ንጣፍ ይበቃል፤ ለማጽዳትም ይቀላል። ለማደግ የደረሰች ሴት ግን ወንድ ባይኖርም እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ዕረፍት አጥታ ስትቆፍር ከታየች ሙሉ አካሏን የሚሸፍን ጥልቀት ያለው፣ እርጥብ አፈርና አሸዋ የተሞላ ማስቀመጫ ሊዘጋጅላት ይገባል። መጣያ ያጣች እንሽላሊት እንቁላሉ ውስጧ ተይዞ ልትሞት ትችላለች።

የሣጥኑ እርጥበት ከ30 እስከ 40 በመቶ አካባቢ ቢሆን ይስማማል። ዘወትር የረጠበ ማኖሪያ የሳንባ ሕመምንና የቆዳ ፈንገስን ይጋብዛል። "ቢጫ ፈንገስ" የሚባለው ቆዳን እየበላ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ በሽታ በዚህ ዝርያ ላይ ከሚከሰቱ አስከፊ ሕመሞች አንዱ ሲሆን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። አዲስ የመጣ እንሽላሊት ከነባሩ ተለይቶ ለሳምንታት መቆየት ያለበትም ስለዚህ ነው። ንጹሕ ውሃ በዝቅተኛ ሳህን በቀዝቃዛው ጫፍ ይቀመጣል፤ በየቀኑም ይለወጣል።

ምግብ የማኖሪያው አጋር

ትክክለኛ ብርሃን ያለ ካልሲየም፣ ካልሲየምም ያለ ብርሃን ዋጋ የለውም። ታዳጊው በብዛት ነፍሳትን፣ ያደገው ደግሞ በብዛት ቅጠላ ቅጠል ይበላል። ክሪኬት የሚባሉት ፌንጣ መሰል ነፍሳትና ለምግብ የሚረቡ በረሮዎች የካልሲየም ዱቄት ተነስንሶባቸው ይሰጣሉ፤ መጠናቸው በእንስሳው ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ርቀት መብለጥ የለበትም። ያልተበሉ ነፍሳት በሣጥኑ ውስጥ ከቀሩ የተኛውን እንሽላሊት ስለሚነክሱ መነሣት አለባቸው።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለወጥ የሚገዙት ጎመን ለዚህ እንስሳ ከሚስማሙት ቅጠሎች አንዱ ነው፤ ካልሲየሙ ብዙ ነውና። ዱባም ተከትፎ ይሰጣል። ቆስጣና ስፒናች ግን ካልሲየምን የሚይዝ ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚበዛባቸው አዘውትረው አይሰጡም። አቮካዶ መርዝ ነው። ከግቢ ተይዘው የሚሰጡ፣ ሌሊት የሚያበሩ ጥንዚዛዎች ደግሞ እጅግ አደገኛ ናቸው፤ በሰውነታቸው ያለው መርዝ ልብን ስለሚያቆም አንዲቷ እንኳ እንሽላሊቱን ልትገድል ትችላለች።

የቤተሰቡ ደኅንነት፦ ሳልሞኔላ

ጺማሙ እንሽላሊት ጤነኛና ንጹሕ ቢመስልም በአንጀቱ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ተሸክሞ ሊኖር ይችላል። ባክቴሪያው በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ቆዳው፣ ወደ ሣጥኑ፣ ወደ ውሃ ሳህኑና እንስሳው ወደ ዞረበት ወለል ይተላለፋል። በሰው ላይ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ያስከትላል። በሕፃናትና በአረጋውያን ላይ ግን ወደ ደም ዘልቆ ሕይወትን ሊያሰጋ ይችላል።

ሲዲሲ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የዩናይትድ ስቴትስ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል እ.አ.አ. በ2014 ከጺማም እንሽላሊቶች ጋር የተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ይፋ አድርጎ ነበር። ወረርሽኙ ከ30 በላይ በሆኑ ክፍለ ግዛቶች ከ100 የሚበልጡ ሰዎችን ያሳመመ ሲሆን፣ ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ሕፃናት ነበሩ። ማዕከሉ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት፣ ከ65 ዓመት በላይ አረጋውያን ወይም በሽታ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ባሉበት ቤት ተሳቢ እንስሳ ማኖር እንደማይመረጥ ይመክራል።

ይህ በተለይ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖሩበት ቤተሰብ ዘንድ የሚታሰብበት ነው። ትልቁ ልጅ እንስሳውን ጠንቅቆ ቢይዝ እንኳ፣ እየዳኸ ያለው ታናሹ የነካውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። በእጅ መጉረስም በየቀኑ የሚፈጸም በመሆኑ ጥንቃቄው ድርብ መሆን አለበት። እንስሳውን ወይም ዕቃውን የነካ ሰው ወዲያው እጁን በሳሙና ይታጠባል። እንሽላሊቱ አይሳምም፣ ወደ ፊት አይጠጋም፣ በማዕድ ቤትና በምግብ ጠረጴዛ ላይ አይለቀቅም። ሣጥኑና ሳህኖቹ ምግብ በሚዘጋጅበት መታጠቢያ ውስጥ አይታጠቡም፤ የራሳቸው ባልዲና ብሩሽ ይኑራቸው፤ እጣቢውም ወደ መጸዳጃ ይደፋ።

እንስሳው ምን እያለ ነው?

ጠዋት ቆዳው ጠቆር ማለቱ ሙቀት ለመሰብሰብ ነው። በሚሞቅበት ስፍራ አፉን ከፍቶ መቀመጡ የሰውነቱ ሙቀት መድረሱን እንጂ ሕመምን አያመለክትም። አንድ እጁን አንሥቶ በዝግታ ማወዛወዙ ሰላምታ ሳይሆን "አልጣላህም" የማለት ምልክት ነው። ጉሮሮው ዘወትር የሚጠቁር ከሆነ ግን ጭንቀት ወይም ሕመም አለ። ቀኑን ሙሉ በቀዝቃዛው ጫፍ የሚውል ከሆነ ሣጥኑ ከመጠን በላይ መሞቁን፣ ከአምፖሉ ሥር የማይነሣ ከሆነ ደግሞ መቀዝቀዙን መመርመር ይገባል።

የእጅና የእግር መንቀጥቀጥ፣ የመንጋጋ መልስለስ ወይም ማበጥ፣ ሆድን መጎተት፣ መድከምና ምግብ መተው ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች ናቸው። በቅዝቃዜ ወራት ያደገ እንሽላሊት በተፈጥሮው ለሳምንታት ሊያንቀላፋ ስለሚችል እንቅልፉን ከሕመም ለመለየት ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ያስፈልጋል። እንዲህ ዓይነት ሐኪም በየከተማው ስለማይገኝ፣ መኖሩን ማጣራት የሚገባው እንስሳው ከመገዛቱ በፊት ነው።

ከመግዛት በፊት

ጺማሙ እንሽላሊት በጥሩ ይዞታ ከ8 እስከ 12 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይኖራል። ለ8 ዓመት ልጅ የተገዛ እንሽላሊት ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በሕይወት ሊኖር ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሣጥኑ፣ የመብራቱና የመቆጣጠሪያው ዋጋ ከእንስሳው ዋጋ ይበልጣል፤ በየጊዜው የሚለወጠው የዩቪቢ መብራትና የኤሌክትሪኩ ወጪም አለ። የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሣጥኑን ተክሎ፣ ሙቀቱን ለጥቂት ቀናት ለክቶ፣ ከተስተካከለ በኋላ እንስሳውን ማምጣት ይኖርበታል። አውስትራሊያን ጨምሮ በአንዳንድ አገሮችና ክፍለ ግዛቶች ፈቃድ ስለሚጠየቅም የአካባቢውን ሕግ መመልከት ግድ ነው።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖር አንባቢ ደግሞ የአካባቢውን እንሽላሊት ከዱር ይዞ በሣጥን ለማኖር ሊፈተን ይችላል። በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ከሕጉም ባሻገር፣ በነጻነት ያደገ እንሽላሊት በሣጥን ውስጥ በጭንቀትና በረሃብ ሊያልቅ ይችላል።

ቤቱ ውስጥ ጨቅላ ሕፃን ካለ፣ ስፍራው ከጠበበ ወይም ለመብራቱ በየጊዜው የሚወጣው ገንዘብ ካልተገኘ፣ አለመግዛት ትክክለኛ ውሳኔ ነው። የገዛ ሰው ግን ከሁሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ በዚህ ሣጥን ውስጥ የፀሐይን ሥራ የሚሠራው የትኛው መብራት ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠውስ መቼ ነው?